ከይምርሐነ ክርስቶስ ግርጌ የሚሰማ ሬዲዮ

ብሔራዊው ሬዲዮ ስለ ጥበብ ዝግጅቶቹ ሲጠየቅ ያቀረበውን ይቆጥራል፤ ትረካ፣ ድራማ፣ ግጥም፣ የደራሲ ቃለ ምልልስ፣ የመጽሐፍ ውይይት። ማን ሰማው፣ በስንት ሰዓት ሰማው፣ ምን እየሠራ ሰማው የሚለው ግን እምብዛም አይነሳም። አዲስ አበባ ተቀምጦ ይህን ሳይጠይቁ መኖር ይቻላል። ታክሲ ውስጥ፣ ፀጉር ቤት ውስጥ፣ ሱቅ ውስጥ ሬዲዮ ሲንጫጫ ይውላል፤ አድማጭ የጠፋ አይመስልም። ከላሊበላ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ተጉዞ፣ ቢልባላን አልፎ፣ በጽድ ደን ውስጥ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን የወጣ ሰው ግን ከጥያቄው አያመልጥም። የብሔራዊ ሬዲዮ የንግግር፣ የድራማና የጥበብ ቀን ከዚህ ከላስታ ደጋ ሲደመጥ ምን ይመስላል?

ከሞገዱ እንነሳ። ኤፍ ኤም ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሞገድ ነው፤ ተራራ ሲገጥመው እዚያው ይቀራል። የአቡነ ዮሴፍ ተራራ 4,260 ሜትር ይደርሳል፤ ይምርሐነ ክርስቶስ ያለበት ሸለቆ በዚሁ ሰንሰለት እቅፍ ውስጥ ነው። በ1992 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው ኤፍ ኤም 97.1ም ሆነ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የመጣው ሸገር 102.1 በሞገዳቸው የሚያገለግሉት ዋና ከተማዋንና ዙሪያዋን ነው። ለላስታ ገበሬ ለረጅም ዘመን ሬዲዮ ማለት መካከለኛውና አጭሩ ሞገድ ነበር። መካከለኛው ሞገድ ጠባዩ የተለየ ነው፤ ቀን ቀን መሬት ለመሬት እየተሳበ ሲደክም ይውልና ፀሐይ ስትጠልቅ ከላይኛው የአየር ክፍል እየነጠረ ሩቅ አገር ይደርሳል። ቀን ያንሾካሹክ የነበረው ጣቢያ ሲመሽ ድምፁ ይከፈታል። ችግሩ ከቀይ ባሕር ማዶ ያሉት የዐረብ ጣቢያዎችም በዚያው ሰዓት ድምፃቸው መከፈቱ ነው። አማርኛውን ከዐረብኛው ለመለየት ሬዲዮኑን ወዲያና ወዲህ ማዞር፣ አንቴናውን ግድግዳ ማስነካት፣ ሽቦ ቀጥሎ ጣራ ላይ መስቀል የደጋው ሰው የተካነበት ሙያ ነው።

ሌላው ነገር ድንጋይ ነው፤ የሬዲዮ ድንጋይ። ባትሪውን አገር ምድሩ የሚጠራው በዚህ ስም ነው። ድንጋይ የሚገዛው በገበያ ቀን፣ ከጨውና ከጋዝ ጋር ተቆጥሮ ነው። ሲደክም አውጥቶ ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ ሙቀት ሲያገኝ መልሶ ማስገባት፣ እንዲያ እያደረጉ አንድ ሁለት ማታ ማራዘም የተለመደ ነው። ቁጠባው የማድመጥ ሥርዓት አወጣ። ሬዲዮ ቀኑን ሙሉ አይከፈትም፤ የሚከፈተው ለተመረጠ ነገር ነው። ዜና ይሰማል፣ የሚወደድ ትረካ ካለ ይሰማል፣ ከዚያ ይዘጋል። የአዲስ አበባ አዘጋጅ አድማጩ ሬዲዮ ከፍቶ እንደሚውል አስቦ ሰዓት ይሞላል፤ የላስታው አድማጭ ግን የሚከፍተው ድንጋዩን ቆጥሮ ነው። ከዚህ የበለጠ ጨካኝ ሐያሲ የለም። የጨው ብር እየከፈለ የሚሰማ ሰው ዝባዝንኬ አይታገሥም።

ታሪኩን በአጭሩ እንለፈው። ኢትዮጵያ በ1920ዎቹ መጨረሻ አቃቂ ላይ ባቆመችው ጣቢያ ከዓለም ጋር መነጋገር የጀመረችው የጣሊያን ወረራ ሊፈነዳ ሲል ነው። ከድል በኋላ ሥራው ቀጠለ። በ1955 ዓ.ም. ብሥራተ ወንጌል ከአዲስ አበባ መሰማት ጀመረ፤ በ1969 ዓ.ም. ደርግ ወርሶት የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ አደረገው። ብሔራዊው ጣቢያ በየመንግሥቱ ስሙንና ቋንቋውን ቢለዋውጥም አንድ ልማዱ አልለቀቀውም። ከመሐል ወደ ዳር ይናገራል፤ ዳሩን ግን ለመስማት ብዙ አይጣደፍም። ያንን ልማድ ጥሶ ዳር አገር ቤት የገባው ዝግጅት ደግሞ ማንም ለቅስቀሳ ያላሰበው ትረካ ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። ወፍራም መጽሐፍ ነው፤ በዚያ ዘመን ፊደል የሚቆጥረው ሕዝብ ደግሞ ጥቂት። መጽሐፉን የአገር ሁሉ ያደረገው ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ላይ የተረከው ትረካ ነው። ወጋየሁ ብቻውን ቲያትር ነበር። ከልቦለዱ ሰዎች ፊታውራሪ መሸሻ ሲናገሩ ጉሮሮው ይሰፋል፣ ጉዱ ካሣ ሲመጣ አፉ ምላጭ ይሆናል፣ ሰብለወንጌል ጋ ሲደርስ ድምፁን ያሳንሳል እንጂ ሴት ለመምሰል አይሞክርም። ይህ የመጨረሻው ትልቁ ጥበቡ ይመስለኛል። ደካማ ተራኪ የሴት ድምፅ እያቀጠነ ያስቃል፤ ወጋየሁ በእርጋታው ብቻ ሴትዮዋን አጠገብህ ያስቀምጣታል።

ትረካው ደጋው ላይ ለምን እንዲህ ተያዘ? መጽሐፉ ስለ ጎጃም ነው፤ ላስታ ሌላ አገር ነው። የኔ መልስ አድማጩ ቀድሞ የሠለጠነ ስለነበረ ነው የሚል ነው። ይምርሐነ ክርስቶስ የዛጔ ንጉሥም ካህንም ነበር ይባላል፤ ቤተ ክርስቲያኑ በዋሻ ውስጥ እንጨትና ድንጋይ እያፈራረቀ በአክሱማዊ ስልት የተሠራና ከላሊበላ ውቅሮች የሚቀድም ነው፤ ከኋላው በዋሻው ጥልቀት የብዙ ምእመናን አፅም ተረፍርፏል። እዚያ ሥር ያደገ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ሲነበብ ይሰማል። ተአምረ ማርያም ይነበባል፣ ስንክሳር ይነበባል፣ ጥቅምት 19 የንጉሡ በዓል ሲደርስ ገድሉ ይነበባል። አንድ ሰው ያነባል፣ መቶ ሰው ቆሞ ይሰማል። አንባቢው ዜማ አለው፣ ማቆሚያ አለው፣ ሕዝቡ የት ላይ «አሜን» እንደሚል ያውቃል። ማታ ቤት ውስጥ ደግሞ ተረት አለ፣ ሠርግና ለቅሶ ላይ አዝማሪና አልቃሽ አለ። ስለዚህ አንድ ሰው ቃል በቃል ከመጽሐፍ እያነበበ ሰዎችን ሕያው ሲያደርግ መስማት ለላስታ ባዕድ አልነበረም። ደግሞስ የልቦለዱ ዋና ሰው በዛብህ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ አይደለም እንዴ! የቆሎ ተማሪ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል የኖረበት አገር በዛብህን በስሙ ያውቀዋል።

እዚህ ላይ ስለ ይዘት ሲነገር የሚረሳ ነገር አለ። ትረካ ርካሽ ዝግጅት ነው። አንድ ጥሩ ድምፅ፣ አንድ ጥሩ መጽሐፍ፣ ጸጥ ያለ ክፍል ይበቃዋል። ዘመቻና መፈክር በሞላበት በደርግ ዘመን ሳይቀር ሳይሞት የኖረው ለዚህ ይመስለኛል። ባለሥልጣን ልቦለድ ሲነበብ እንደ አደጋ አያየውም፤ አድማጭ ደግሞ በልቦለዱ ውስጥ ፊታውራሪውን አይቶ ሌላ ሹም ያስባል። የዛሬው ብሔራዊ ሬዲዮ ለትረካ የሚሰጠው ቦታ ለእግር ኳስ ጨዋታ ትንተና ከሚሰጠው ጋር ሲወዳደር የሚያሳዝን ነው። ለትረካው ሕይወት የሰጠው የግሉ ኤፍ ኤም ሆኗል፤ ሸገር በ«ትረካ»ው ታላላቅ የዓለም መጻሕፍትን ወደ አማርኛ ጆሮ አምጥቷል። ግን ሞገዱ ከላይ ያልነውን ተራራ አይሻገርም።

አሁን ወደ ቀኑ እንሂድ። የብሔራዊ ሬዲዮ ቀን በሳምንት የተዋቀረ ነው። ተከታታይ ድራማ በተወሰነ የሳምንት ቀን፣ መዝናኛ ቅዳሜ፣ ትልቁ የጥበብና የጨዋታ ዝግጅት እሁድ ጠዋት። ለቢሮ ሠራተኛ ይህ ልክ ነው፤ እሁድ አርፍዶ ይነሳል፣ ቡና ይፈላል፣ ሬዲዮ ይከፈታል። ላስታ ላይ እሁድ ጠዋት ሰው ቅዳሴ ላይ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ አለ፤ ዳቦና ጠላ ቀርቦ የሰፈር ጉዳይ ይነሳል፣ የተጣላ ይታረቃል። ጆሮ ያለው ሁሉ ሥራ ላይ ነው። የሬዲዮው እጅግ የተደከመበት ሰዓት ደጋው በጭራሽ ሬዲዮ የማይከፍትበት ሰዓት ሆነ ማለት ነው። በጾም ከቅዳሜና ከእሁድ በቀር ቅዳሴው ወደ ከሰዓት በኋላ ይዞራል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማለዳው ነጻ ይሆናል፤ የሬዲዮው ሰሌዳ ግን ጾምና ፍስክ አያውቅም።

የደጋው የዕረፍት ቀን በአብዛኛው በሳምንት አይቆጠርም፤ በወር ነው የሚቆጠረው። 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔዓለም፣ 29 በዓለ ወልድ፤ እንደየደብሩ 5 አቦም፣ 19 ገብርኤልም፣ 23 ጊዮርጊስም ይጨመራል። በእነዚህ ቀናት ማረስ የለም፣ መፍጨት የለም፤ ወንዱ ጥላ ሥር ይቀመጣል፣ ሴቷም ብትሆን ከወፍጮው ትገላገላለች። ሬዲዮ የሚደመጠው ያን ቀን ነው። አንድ ወር ማርያም ማክሰኞ ትውላለች፣ በሚቀጥለው ሐሙስ። ማክሰኞ የሚተላለፈው ዝግጅት ስለ ማዳበሪያ ከሆነ ደጋው ዕረፍቱን በማዳበሪያ ያሳልፋል፤ ረቡዕ ማታ የሚተላለፈውን ድራማ ክፍል 14 ሰምቶ ክፍል 15 ያመልጠዋል፣ ክፍል 16ን አጨዳ ይይዝበታል። ተከታታይ ድራማ የሳምንት ሰው ይፈልጋል። ገበሬው ግን የወር ሰው ነው፤ ከዚያም ሲሰፋ የወቅት ሰው፤ ገብስና ባቄላ ከማሳ ሲሰበሰብ ማንም ማንንም አይሰማም።

ሴቶቹን ለብቻቸው ማንሳት ያስፈልጋል። ሬዲዮኑ የሚቀመጠው አባወራው ጋ ነው፤ ገበያ ሲሄድም ይዞት ይሄዳል፣ በትከሻው አንጠልጥሎ። በአገሩ ስለ ሴቶች ጤና የሚዘጋጀው ዝግጅት ብዙ ጊዜ ቀን ሴቶች ቤት ናቸው በሚል ግምት ይመደባል። ሴቶቹ ቤት ናቸው፤ ሬዲዮኑ ነው ቤት የሌለው።

ድራማው ላይ ስንደርስ አንድ ትልቅ ምዕራፍ አለ፤ «የቀን ቅኝት»። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተላለፈው ይህ ተከታታይ 257 ክፍል ነበረው። ያዘጋጀው ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር ነው፤ የኢትዮጵያውን ቢሮ የመሩት ዶክተር ንጉሤ ተፈራ ራሳቸው የሬዲዮ ሰው ናቸው። ስልቱ የመጣው ከሜክሲኮ ነው፤ ሚጌል ሳቢዶ በ1970ዎቹ በአውሮፓ አቆጣጠር በቴሌቪዥን የሞከረው። ሦስት ዓይነት ሰው ይፈጠራል፤ መልካሙ፣ ክፉውና በመሐል የሚወላውለው። አድማጭ የሚከተለው ወላዋዩን ነው፤ ራሱን ያየዋልና። ጉዳዩ የቤተሰብ ምጣኔ፣ ኤች አይ ቪ፣ ጠለፋና ያለ ዕድሜ ጋብቻ ነበር። ከአገሪቱ ዙሪያ በሺህ የሚቆጠር ደብዳቤ ጎረፈ። አዋቂው ደብዳቤ መጻፍ በማይችልበት ሰፈር ተማሪ ልጅ ተጠርቶ ይጻፋል፤ ስለዚህ አንድ ደብዳቤ እንደ አንድ ሰው አይቆጠርም።

ድራማው ስብከት አልነበረበትም ማለት አልችልም፤ ነበረበት። ግን ጸሐፊዎቹ ክፉውን ሰው ለማሰናበት አልቸኮሉም፤ ሁለት ዓመት ተኩል አብሮ ኖረ። ያንን ትዕግሥት ከእንግሊዝ «አርቸርስ» ጋር ማነጻጸር ይቻላል፤ ቢቢሲ በአውሮፓ 1951 በመላ አገሩ ማስተላለፍ የጀመረው የገበሬዎች ድራማ ነው፤ መነሻው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ገበሬው ብዙ እንዲያመርት ማስተማር ነበር። የማስተማር ተልዕኮው ከጊዜ በኋላ ተነሳለት፤ መንደሩ ግን ቀረ፤ ዛሬም ይተላለፋል። የኛዎቹ የሚሞቱት በተቃራኒው ነው። ገንዘቡ ሲያልቅ መንደሩም ያልቃል። «የኛ»ን እንይ፤ በ2005 ዓ.ም. በሸገርና በአማራ ሬዲዮ የጀመረ፣ አምስት ልጃገረዶችን ይዞ ድራማ፣ ውይይትና ዘፈን ያጣመረ ዝግጅት ነው። ያለ ዕድሜ ጋብቻ በአማራ ክልል ገጠር ምን ያህል የከበደ ጉዳይ እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ቦታውን አልሳተም። በ2009 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጋዜጦች ግብራችንን ለዘፋኞች ብለው ጮኹ፤ የእንግሊዝ መንግሥት ድጋፉን አቋረጠ። አንዲት የላስታ ልጅ የምትከታተለው ታሪክ የት እንደሚያበቃ የሚወሰነው ለንደን ላይ ነው ማለት ነው። ለጋሾቹን አልወቅስም፤ ገንዘቡ የእነሱ ነው። የሚወቀሰው አንድም የራሱን ዘላቂ ድራማ፣ በራሱ በጀት፣ በራሱ ጸሐፊዎች ለትውልድ ያላቆመው ብሔራዊ ሬዲዮ ነው።

የድራማዎቹ አንደበትም ይነሳ። በሬዲዮ ድራማ ውስጥ ገጠሬ ሲመጣ አንድ ወጥ አነጋገር አለው፤ የየትኛውም አገር ያልሆነ፣ ስቱዲዮ ውስጥ የተፈጠረ የባላገር አማርኛ። ቃል ይጎትታል፣ በየመሐሉ «ኧረ» ይላል፣ ብዙውን ጊዜ ያስቃል። የላስታ ሰው ያንን ሲሰማ የሚስቀው በሌላ ሰው ላይ መስሎት ነው፤ ቁጭ ብሎ ሲያስበው ግን የታሰበው እሱ ነው። የወሎ አማርኛ የራሱ ለዛ፣ የራሱ ምርቃት፣ የራሱ ቀልድ አለው፤ ተዋናይ ከዚያ አገር ማምጣት ይከብዳል? የክልሉ ጣቢያ በዚህ ረገድ ይሻላል። ከባሕር ዳር የሚተላለፈው በአገውኛው በኽምጣና ጭምር ነው፤ ዛጔዎች ከአገው ነገድ የተነሱ ነገሥታት ናቸውና ይህ ለላስታና ለዋግ ተራ ነገር አይደለም።

ስለ ደራሲ ቃለ ምልልሶች ብዙ የምለው የለኝም። ሁለት የአዲስ አበባ ሰዎች ስለ ሦስተኛ የአዲስ አበባ ሰው ያወራሉ፤ ጥሩ ሲሆን ጥሩ ነው። ብሔራዊው ማሰራጫ ወደ ላስታ ራሱን ይዞ የሚሄደው ታኅሣሥ 29 ነው። ካህናቱ በላሊበላው ቤተ ማርያም «ቤዛ ኩሉ»ን ሲያዜሙ ማይክሮፎን ይተከላል፤ ጋዜጠኛው ግን ዜማው ላይ ማውራቱን አይተውም። ያንን ሰዓት ያለ አንድ ቃል ማስተላለፍ የሚደፍር አዘጋጅ ቢመጣ ከዓመቱ ሁሉ ምርጡን የሬዲዮ ዝግጅት በነጻ ያገኝ ነበር።

ከዚያ ጦርነት መጣ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ላሊበላ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወደቀች፤ በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ እስክትመለስ ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈች። መብራትና ስልክ ለወራት ጠፋ። በዚያ ጊዜ ቴሌቪዥኑም ኢንተርኔቱም ጌጥ ሆነው ቀሩ፤ በድንጋይ የሚሠራው አሮጌ ሬዲዮ ከሳጥን ወጣ። የተፈለገው ግን ድራማ አልነበረም። ሰው የሚሻው ማን የት ደረሰ የሚለውን ነበር፤ ለዚህም ብሔራዊውን ብቻ አላመነም። የጀርመን ድምፅ አማርኛ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የአሜሪካ ድምፅ ደግሞ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአጭር ሞገድ እዚህ ደጋ ላይ ቤተኛ ነበሩ። የደርግ ዘመን ሰው ድምፅ ቀንሶ የውጭ ጣቢያ መስማትን ለልጁ አውርሷል። በ2017 ዓ.ም. መጋቢት የአሜሪካ ድምፅ በዋሽንግተን ትእዛዝ ሲቆም አንድ የለመዱት ሰዓት ባዶ ቀረ።

ዛሬ ወጣቱ ጋ ስልክ አለ፤ ኔትወርኩ ግን እንደ ቦታው ነው። ቢልባላም ሆነ ላሊበላ ገበያ የሄደ ሰው ሱቅ ገብቶ ሚሞሪ ካርዱ ላይ ዘፈን ያስጭናል፤ ዘፈን ብቻ አይደለም፤ መዝሙርም፣ ስብከትም፣ የወጋየሁ ንጋቱ ትረካም ይጫናል። ልብ አድርጉ፤ ከአሠርት ዓመታት በፊት ብሔራዊ ሬዲዮ ያስቀረጸው ድምፅ ዛሬ ወደ ተራራው የሚወጣው በሱቅ ነጋዴ ነው፤ ሬዲዮ ጣቢያው ከዚህ ምንም አያገኝም፤ አድማጩ ግን የፈለገውን በፈለገው ቀን ይሰማል። እረኛው በ21፣ በበዓሉ፣ ከብቱን አሰማርቶ ጽድ ሥር ተጋድሞ ይሰማዋል። ነጋዴው ያወቀውን ጣቢያው አላወቀም።

ብሔራዊ ሬዲዮ ሊያደርግ የሚችለው ከባድ ነገር አይደለም። ለ12፣ ለ21፣ ለ27ና ለ29 ከቀትር በኋላ አንድ አንድ ሰዓት ቢመደብ፣ በሳምንቱ ያለፈው ድራማ ተጠራቅሞ ያን ቀን ቢደገም፣ ከመዝገብ ቤት አንድ ትረካ ቢወጣ ይበቃል። ሙስሊሙ ወሎዬ ደግሞ ጁምዓና ረመዳን አለው፤ ለእሱም የራሱ ሰዓት ይታሰብለት። ተቃውሞው የሚመጣው ከማስታወቂያ ክፍል እንደሆነ እገምታለሁ። ስፖንሰር የሚገዛው «ዘወትር ረቡዕ ማታ» ነው፤ «በየወሩ ማርያም» ብሎ ውል የሚፈርም የሳሙና ፋብሪካ ገና አልታየም። ይሁን እንጂ ለድጋሚ ትረካ ስፖንሰር አያስፈልግም፤ ተዋናዩ አንዴ ተናግሯል፣ ክፍያው አንዴ ተከፍሏል፣ ማሰራጫው ያን ሰዓት የሆነ ሆኖ ክፍት ነው፤ አሁን በዚያ ሰዓት የሚተላለፈው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሙዚቃና የስልክ ሰላምታ ነው።